ከምሰሶው ጀርባ የቆምኩባት ቀትር

ጌትዬ፣

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር አለፈ። እንዴት ነሽ ብትለኝ፣ መቀመጥ አቅቶኛል። ወንበር ስቤ ቁጭ እላለሁ፤ ወዲያው አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኝና እነሳለሁ። ወጥ ቤት እገባለሁ፣ ለምን እንደገባሁ ይጠፋኛል። ድሮም እግርሽ ስር እሳት አለ ወይ ትለኝ ነበር፤ አሁን ብታየኝ ምን ትል እንደነበር እንጃ።

ቤቱም እንደተውከው አይደለም። ማራገቢያው ተቃጥሎ ሌላ ገዛሁ፤ ጩኸቱ እንጂ ንፋሱ የለም። በር ላይ የተከልከው ኒም ከአጥሩ በላይ ወጥቶ ለሰመራ መንገደኛ ሁሉ ጥላ ሆኗል። ከጅቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ሲያልፉ መስኮቱ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። እኔም ከመዝገብ ቤት ጡረታ ወጣሁ፣ ይኸው ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ስዞር እውላለሁ።

ልጃችን ሰላም ለሙት ዓመትህ ከጣሊያን ትመጣለች። በዕለቱ ሰው ፊት የሚነበብ የሕይወት ታሪክህን እያዘጋጀች ነው። የፍሎረንስን ቀን አንቺ ጻፊልኝ፣ በተለይ ያየሽውን የካቴድራሉን ውስጥ፣ አባዬ ሁልጊዜ የሚያወራው እሱን ነበር አለችኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። ለአንተ ሳልናገር ለእሷ መጻፍ አልቻልኩም።

ታስታውሳለህ፣ ለምረቃዋ የሄድን ጊዜ በማግስቱ ለብቻችን በባቡር ወደ ፍሎረንስ ሰደደችን። አዋሽ ጣቢያ ሻንጣዬን ተቀብለህ ካወረድክልኝ ቀን ወዲህ ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነበር። አንተ እንደ ልጅ መስኮቱ ላይ ተለጠፍክ። እኔ ግን ሰላም የጻፈችልኝን ወረቀት ይዤ የምናየውን እቆጥር ነበር። ስምንት ቦታ፣ አንድ ቀን።

አንተ አንዱ በቃህ። ሱቅ የተደረደረበትን አሮጌ ድልድይ እንደረገጥክ መሀሉ ላይ ክንድህን አስደግፈህ ውሃውን ማየት ጀመርክ። ዱብቲ እርሻ ላይ የመስኖ በር ስትከፍትና ስትዘጋ ነው ዕድሜህ ያለቀው፣ ውሃ ካየህ አትነቃነቅም። ይህኛው ወንዝ ባሕር ይገባል አልኩህ። የእኛው አዋሽ ይሻላል፣ አሳይታን አልፎ እዚያው አገሩ ላይ ይቀራል እንጂ ማንም ዘንድ አይሄድም አልከኝ። እኔ እጅጌህን ጎተትኩ። ደጋግሜ ጎተትኩህ፣ ጌትዬ። ያን ቀን ከእጅጌህ ሌላ የጨበጥኩት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ስድስት ሰዓት ሆነ። ዱብቲ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው የለም፤ ሥራ በማለዳ ነው፣ ቀትር ላይ ሁሉም ሽርጡን ጥላ ስር አንጥፎ ይጋደማል፣ ፀሐይ ስትዞር ይነሳል። ይህ ልማድህ ባሕር ተሻግሮ ይከተለናል ብዬ መቼ አሰብኩ! አደባባዩ ዳር ትልልቅ ሐውልቶች የቆሙበት፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ባለምሰሶ አዳራሽ ጥላ አገኘህ። ከቦርሳህ ያን ሰማያዊ ሽርጥ አውጥተህ ድንጋዩ ላይ አነጠፍክ፣ ጫማህን አውልቀህ ተንተራስክ፣ ነይ ጎኔ ጋደም በይ አልከኝ። ጎብኚው እግርህን እየዘለለ ያልፋል። አንዷ ሳቅ ብላ ፎቶ አነሳችህ።

አፈርኩ። ለምረቃ የተሰፋልኝን ቀሚስ ለብሼ፣ አዲስ ጫማ አድርጌ፣ ባሌ መሬት ተኝቶ። ካቴድራሉን አይቼ ልምጣ ብዬህ ሄድኩ።

አልሄድኩም፣ ጌትዬ። ከዳር ካለው ምሰሶ ጀርባ ቆምኩ። የአንተ አለመሆኔን፣ የማን ነሽ ብሎ ላልጠየቀኝ ሕዝብ ለማሳየት ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ ዘበኛው መጣና ትከሻህን ነካ ነካ አደረገህ። ደንግጠህ ተነሳህ፣ ወዲያ ወዲህ አየህ። እኔን ነበር የምትፈልገው። ቋንቋ የለህ፣ በእጅህ ወደ አደባባዩ እያሳየህ በአማርኛ ባለቤቴ ትመጣለች አልከው። ሰማሁህ። እግሬ አልነቃነቅ አለ። ሽርጥህን አራት አጥፈህ ደረትህ ላይ ይዘህ እንደ ባለጉዳይ ቆመህ ጠበቅከኝ።

ዘበኛው ራቅ ሲል በሌላ በኩል ዞሬ መጣሁ። ምን አየሽ አልከኝ። ሱቅ በር ላይ ከተሰቀለ ፖስታ ካርድ ያየሁትን ነገርኩህ፦ ጉልላቱን፣ በውስጡ የተሳሉትን መላእክት። እሰይ፣ አንቺ እንኳን አየሽ ብለህ ተደሰትክ። ዘበኛው እንደቀሰቀሰህ አልነገርከኝም፤ እኔም ምነው ተነሳህ ብዬ አልጠየቅኩህም።

እዚህ ከተመለስን በኋላ ያን ውሸቴን ይዘህ ስንት ቤት ዞርክ! ጎረቤታችን ሁመድ ሻይ በጠጣ ቁጥር የሚስትህን ቤተ ክርስቲያን ንገረን ይልህ ነበር። ትነግረዋለህ። እኔ ያልኩት ላይ ትንሽ ጨምረህ ትነግረዋለህ። ስትጨርስ ዞር ብለህ እኔን ታየኛለህ። ጌትዬ፣ ያ አስተያየትህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። በእኔ ኮርተህ ነበር? ወይስ ያን ቀን የቀሚሴን ጫፍ ከምሰሶው ጎን አይተህ፣ እስክናገር ስትጠብቀኝ ኖረሃል? ሌላውን ሁሉ ልጠይቅህ እችል ነበር፣ ይህን ብቻ ሳልጠይቅህ ሄድክ።

ትናንት ቀትር ላይ ሽርጥህን ከሣጥን አወጣሁና ከበር ውጭ ኒሙ ስር አነጠፍኩት። ተጋደምኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ አለፈ። ሁመድ አሟት ይሆን ብሎ እየሮጠ መጣ። ደህና ነኝ፣ ባለቤቴ በዚህ ሰዓት ያርፍ ነበር አልኩት። ፈንጠር ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስንት ጊዜ ልነሳ አማረኝ፤ ፀሐይ እስክትዞር ግን አልተነሳሁም።

ማታውኑ ለሰላም ጻፍኩላት። ካቴድራሉን እንዳላየሁ፣ አባቷ ባለቤቴ ትመጣለች ሲል ባለቤቱ የት እንደነበረች፣ ሁሉንም። አንዲት ቃል እንዳታወጪ፣ እንዳለ ይነበብ አልኳት።

የፍሎረንሷን ቀን እስክሞት አልረሳትም። ሙት ዓመትህ ላይ ሲነበብ፣ ሁመድም፣ ውሸቴን ያመነ ሰው ሁሉም ባለበት፣ ከፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አልነሳም።

ባለቤትህ