የጄኔራል ድስት ደብተር

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ሚያዝያ 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

የጌታ ሰላም በምታድሪበትም በምትውዪበትም ይክበብሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ትከሻሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? እማዬ ትናንት ተለምና ሁለት ጉርሻ በላች። አባዬ ሥራ ጀምሯል። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ማለፍ ነበረብኝ፤ ግን ደብዳቤሽ ከደረሰን ጀምሮ ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ታላቄ ነሽና ይቅርታ እየጠየቅሁሽ ነው የምናደድብሽ።

«ወንድማችንን እንየውን የገደለው ያ የፈረንጅ ቀልድ ነው፤ የጻፈበትን ደብተር አቃጥሉት» ብለሽ ጽፈሻል። ለልቅሶው እንዳትመጪ የይለፍ ወረቀት እንደከለከሉሽ አውቃለሁ። ብትመጪ ኖሮ ግን እንደዚህ አትጽፊም ነበር። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ጋሽ መኳንንት ደብዳቤሽን ተቀብለው ለሰው ሁሉ አነበቡት። «አያችሁ፣ እህቱም መሰከረች! በዋዛ የጀመረ በሐዘን ይጨርሳል» አሉ። ጎረቤታችን እማማ ወለተ ማርያም ብቻ ናቸው የተቆጡት። «እናንተ ጴንጤዎች አታስለቅሱ፣ አታስቁ፣ ታዲያ ሰው በምን ይውጣለት?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እኔም ተከትያቸው መውጣት አምሮኝ ነበር።

አባዬ ደብተሩን ከፍራሼ ሥር አውጥቶ ከከሰል ማንደጃው አጠገብ አስቀመጠው። ክብሪት ሊያመጣ ሲሄድ አነሣሁት። መልስ አለኝ፤ አልመልስም አልኩት። በሕይወቴ አባዬን እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

የፈረንጅ ቀልድ ያልሽውን ፊልም አንቺ አላየሽውም። ጋሽ መኳንንትም አላዩትም። ስለዚህ እኔ ልንገርሽ።

ካሴቱን ኮምቦልቻ፣ በሺር ቪዲዮ ቤት ያመጣው ከአሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሽፋን የለውም፤ ርዕሱም ተፍቋል። በሺር ካራቴ መስሎት ከፈተው። አንድ ዘፋኝ አለ፤ ሥራው የሰው ዘፈን እየገለበጠ መቀለድ ነው። በስህተት ጦር ሰፈር ይገባል። ኮፍያው ሲጠፋበት ድስት ይደፋል። ወታደሮቹም ጄኔራል መጣ ብለው ሰላምታ ይሰጡታል። ከዚያ ወዲያ ትልልቆቹን የጦርነት ፊልሞች አንድ በአንድ ያፌዝባቸዋል፤ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር በዘፈን ይመልሳል። የመጀመሪያ ቀን ሰው ሁሉ «ወላሂ በሺር፣ ይሄስ እብድ ነው! ካራቴውን አምጣ!» እያለ ተነሥቶ ሄደ። አምስት ልጆች ቀረን። ያኔ እንየው ወንበር ላይ ቆመና ይተረጉምልን ጀመር።

እንግሊዝኛው ግማሹ አይገባውም ነበር። ያልገባውን ከራሱ ይሞላዋል፤ ዘፈኖቹን በእኛ ዜማ ያወጣቸዋል፤ ቤት ሲገባም በዚህ ደብተር ይጽፋቸዋል። በሳምንቱ አሥራ አምስት ሆንን። በወሩ የሐረጎን ዳገት በእግሩ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የደሴ ልጅ ቁጥር አልነበረውም። ፊልሙንም «ጄኔራል ድስት» አልነው። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ እንየው አንዲት ቃል ቢለውጥ «ኧረ አታበላሽ!» ብለን እንጮህበታለን። የእማዬን የሽሮ ድስት ይዞት ይወርድ ነበር። እማዬ ድስቷን ስትፈልግ «ጄኔራሉ ዘምቷል» ይላታል፤ እሷም አፏን በመቀነቷ ሸፍና ትስቃለች። ኃጢአት የምትሉት ይህንን ነው? እማዬ እሱ ከሄደ ወዲህ ስቃ አታውቅም።

አሁን ጥቅምት ላይ የሆነውን ልጻፍልሽ። አባዬ አልነገረሽም።

ትምህርት ቤታችን ሰንደቅ ዓላማ ስንሰቅል አንድ የፓርቲ ካድሬ መጣ። ስለ ግንባሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ፀሐይ አናታችንን በላን። መጨረሻ ላይ ክንዱን ዘርግቶ «ወደፊት!» አለ። ከአሥረኛ ክፍል ሰልፍ መሐል አንድ ድምፅ፣ ልክ በጄኔራል ድስት ዜማ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ እኛ መንገዱን እንጠይቃለን» ብሎ ዘፈነ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ራሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ማን ነው ቢባል ማንም አልተናገረም።

በማግስቱ ጠዋት የቀበሌ ጥበቃዎች ቤታችን መጡ። «ያን የፊልም ዘፈን የሚዘፍነው ልጅ እዚህ ነው አሉ፤ የታል?» አሉ። እንየው ጢሙን እየተላጨ ነበር፤ ግማሽ ጉንጩ ሳሙና ነው። እኔ የትምህርት ደብተሬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ» አለ። አባዬ «ይሄ እኮ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት ምን...» ብሎ ሲጀምር እንየው እግሩን ረገጠው። ሳሙናውን እንኳ በቅጡ ሳይጠርግ ወሰዱት። በጎኔ ሲያልፍ «አንተ፣ ይረፍድብሃል፤ ሂድ ወደ ትምህርትህ» አለኝ። ሄድኩ። የዚያን ቀን የሒሳብ ፈተና ነበረን፤ ተፈተንኩም።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ሦስት ወር ሥልጠና፣ ከዚያ ግንባር፣ በየካቲት መርዶ። አንድም ቀን ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ ልጅ! እና አሁን ገዳዩ ፊልም ሆነ? ፊልም ማንንም ከቤቱ አይወስድም። ስም ጽፈው የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ ዛሬም በሰፈራችን ይሄዳሉ፣ አባዬም ሰላም ይላቸዋል። በእነሱ ላይ አንድ ቃል ያልተነፈሱ ጋሽ መኳንንት በአንድ ደብተር ላይ በረቱ።

ባለፈው ሳምንት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተኛ አንድ የኩታበር ልጅ አስጠራኝ። ከእንየው ጋር አንድ ምሽግ ነበሩ። ጄኔራል ድስትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያጫውታቸው በክንዳቸው አፋቸውን አፍነው ይስቁ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ መልእክት አለብኝ አለ። «ለወንድሜ ንገረው፤ ድምፁን ዝቅ ያድርግ እንጂ እንዳይተው» ብሎታል።

ደብተሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ፖስታ ቤት አላመንኩም፤ በሺር ለሚያውቀው ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። መቃጠል ካለበት በገዛ እጅሽ አቃጥዪው፤ መጀመሪያ ግን አንብቢው። ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «እርስዎ ይቅደሙ» ከሚለው ጎን፣ እንየው «ይህችስ ከእኔ ትበልጣለች» ብሎ በቀይ ጽፏል። መስመሯ የእሱ እጅ ጽሑፍ አይደለም። የማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ፊደል ያስቆጠርሽው አንቺ ነሽ። አባዬና እማዬ እስካሁን አልጠየቁኝም። አንቺም መልስ ስትጽፊ ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ።

የአባቶቻችን አምላክ መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቅ፤ ለእማዬም ሳቋን ይመልስላት።

አንድ የቀረሽ ወንድምሽ