ማታውን ለነገ ትጽፍ ነበር

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

እንደ ደብዳቤ ወግ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ልል ብዕሬን አነሣሁና ተውኩት፤ አንተ ያለህበት ቦታ ሕመምም ስኳርም የለም ብለው አጽናንተውናል። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እማዬ ደህና ናት። የሰው አገር ሰፈራችን ናካዋም ያው ናካዋ ነው፤ የጂንጃ መንገድ መኪና ዛሬም አይንቀሳቀስም። ከቤታችን በስተምዕራብ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ተሠርቶብን ግማሹን ሰማይ ወሰደው። ባለቤቱ ደግሞ አናቱ ላይ አገር የሚያበራ አምፖል ሰቅሏል። ብትኖር ኖሮ ከሰውዬው ጋር ስትነታረክ ሳምንቱ ያልቅ ነበር። ወንበርህ ግን አሁንም ጣሪያው ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ እማዬ ታስገባዋለች፣ ሲያባራ መልሳ ታወጣዋለች። ለምን እንደምታወጣው ጠይቄያት አላውቅም።

የምጽፍልህ የምሥራች ስላለኝ ነው። መጀመሪያ ግን ጥፋቴን ልናዘዝ።

ትዝ ይልሃል፣ ቀን ቀን የሰው ጄኔሬተር ስትጠግን ትውልና ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሲያማርር፣ አንተ ብቻ ፊትህ ይፈካል። አቅርቦ ማያ መነጽርህን አንጠልጥለህ ወደ ጣሪያ ትሮጣለህ። ወዲያው ስልክህ ይጮኻል፤ ኮሎሎ ሰፈር ያለ ደንበኛ ጄኔሬተሩ አልነሣ ብሎታል። «መጣሁ፣ ጃም ይዞኝ ነው፣ መንገዱ ተዘጋግቷል» ትለዋለህ ከወንበርህ ሳትነሣ። እንዳላሳብቅብህ ከመንገድ ዳር ሮሌክስ ትገዛልኝ ነበር፤ ያ በእንቁላል የተጠቀለለ ትኩስ ቻፓቲ አፌን ስንት ዓመት ዘግቶ ኖረ!

የንስሯን ኮከብ ያሳየኸኝ እዚያ ነው። አናታችን ላይ ትቆም ነበር። የሚተነፍስ ሰው ደረት እንደሚያደርገው ታብጣለች፣ ትኮማተራለች፤ በሰባት ቀን ከአራት ሰዓት ገደማ አንድ ዙር ደምቃ ትደበዝዛለች። አንተ ከጎረቤቶቿ ጋር እያስተያየህ «ከላይኛዋ ታንሳለች፣ ከታችኛዋ ትንሽ ትበልጣለች» ትለኛለህ፤ እኔ በቀይ ፌስታል በተሸፈነ ባትሪ እያየሁ እጽፋለሁ። ቀኑን ግን ለማንም አታስነካም፤ ሁልጊዜ በራስህ እጅ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ በዚያ በሚያምር የድቁና ጽሕፈትህ ነበር የምትጽፈው። የዓመቱን ግማሽ ኮከቧ ማታ ትታይ ስለነበር ከእራት በፊት፣ ግማሹን ደግሞ ሊነጋጋ ሲል ትወጣ ስለነበር ከሥራ በፊት ታያታለህ። አሥራ አንድ ደብተር ሞልተህ ሄድክ።

ለማስተርስ ጥናቴ ያቀረብኩት እነዚያን ደብተሮች ነው። ቀኖቹን አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጬ፣ የኮከቧን ድምቀት በሥዕል ሳወጣው ጉድ ፈላ። ንጋት ላይ ያየሃቸው ነጥቦች ሌሎች ተመልካቾች ካገኙት ጋር ልክ ገጠሙ። የማታዎቹ ግን ተለይተው፣ ለብቻቸው ሌላ ጉብታ ሠሩ። ኮከቧ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ የምትደምቅ መሰለች። አስተማሪዬ ደግ ሴት ናት፤ ሥዕሉን ዐይታ አባትሽ ዓይኑን ያመው ነበር ወይ ብላ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። ስኳሩ በመጨረሻ ዓይንህን እንደነካው ነገርኳት። የማታዎቹን እንድተዋቸው መከረችኝ። እኔም እሺ አልኩ። «በተመልካቹ የዓይን ሕመም ምክንያት ከግማሽ በላይ የሚሆነው መረጃ አልተካተተም» ብዬ ጻፍኩ። አባዬ፣ ያንን የጻፈችው ይህች እጄ ናት። ሕመሙ የመጣው በመጨረሻው ዓመት መሆኑን፣ ጉብታው ግን ከመጀመሪያው ደብተር ጀምሮ እንዳለ እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩም። ቀኖቹን ከለወጥኩበት ቀመር ይልቅ አንተን መጠርጠር ቀለለኝ።

ደብተሮቹን ወደ ካርቶናቸው ስመልስ እማዬ የደመራዋን ማታ አውጪልኝ አለችኝ። ሦስታችን በሁለት ቦዳ ሞተር ተሳፍረን፣ ነጭ ልብሳችን ጭስ ጭስ እየሸተተ የተመለስንባትን፤ አንተ ጋቢህን እንኳ ሳትቀይር ጣሪያ የወጣህባትን። ፈልጌ አገኘሁላት፤ «መስከረም ፲፯፣ ከምሽቱ ፪ ሰዓት፣ ከደመራ መልስ፣ እጅግ ደማቅ» ይላል። እማዬ ሳቀች። «ደመራማ አሥራ ስድስት ማታ ነው፤ አባትሽ እኮ የቄስ ልጅ ነው፣ ፀሐይ ከጠለቀች ለእሱ ነገ ገብቷል። የቅዳሜን ማታ እሑድ ነው እያለ ስንቴ አጨቃጭቆኛል!» አለችኝ።

እጄ ላይ ያለው ደብተር ከበደኝ። ዕድሜህን ሙሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት እንዳስተማረህ፣ ማታውን ለማግስቱ ትሰጥ ነበር። የቄሱ የልጅ ልጅ፣ የዋዜማን ትርጉም እያወቅኩ፣ አላስተዋልኩትም። የማታዎቹን ሁሉ አንድ አንድ ቀን ወደ ኋላ መለስኳቸው። ሁለተኛው ጉብታ ጠፋ። ከመጀመሪያው ደብተር እስከ ዓይንህ እስከታመመበት ወር ድረስ ነጥቦችህ በአንዲት መስመር ተሰለፉ። ሁለት ሦስቱ ብቻ አፈንግጠዋል፤ እነሱ መቼም ሮሌክሱ እንዳይቀዘቅዝ ቸኩለህ ያየሃቸው መሆን አለባቸው።

አስተማሪዬ ሥዕሉን ስታይ መነጽሯን አውልቃ እንደገና አደረገችው። «ይህ የታመመ ዓይን አይደለም» አለች። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ «ስሕተቱ የተመልካቹ ሳይሆን የአጥኚዋ ነበር» ብዬ ተካሁ። ባለፈው ሳምንት ጥናቴን ስከላከል ከፈታኞቹ አንዱ በምን መሣሪያ እንደተሠራ ጠየቀኝ። በአንድ አሮጌ መነጽር፣ በአንድ የፕላስቲክ ወንበርና በአንድ የጄኔሬተር ጠጋኝ አልኩት። ሲስቁ እኔም ሳቅኩ፤ ግን እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ ቆሜ አላውቅም። ከኋላ የተቀመጠችው እማዬ እንግሊዝኛው ሳይገባት፣ ስምህ በተጠራ ቁጥር ታጨበጭብ ነበር። መዝገብህ የዓለም ተመልካቾች ሁሉ የሚያስቀምጡበት ማኅደር ገብቷል፤ በስምህ። አባዬ፣ በሕይወት ሳለህ ነግሬህ ባላውቅም፣ ኮራሁብህ።

አሥራ ሁለተኛውን ደብተር ገዝቻለሁ። ያ ሰውዬ የሰቀለውን አምፖልም መብራት ሲጠፋ እንረታዋለን። ቀኑን በሁለት ዓምድ ነው የማሰምረው፤ አንዱ ለማኅደሩ፣ አንዱ በአንተ አቆጣጠር። የንስሯ ኮከብ አናታችን ላይ በቆመች ቁጥር፣ ከሁሉም በፊት በደመራ ማታ፣ ወንበርህ ላይ ተቀምጬ አስብሃለሁ። ይህንን የምጽፍልህ እዚያው ሆኜ ነው። ፀሐይ አሁን ጠለቀች። እማዬ ከታች እራት ቀርቧል እያለች ትጣራለች፤ ጃም ይዞኛል ብያታለሁ። በማኅደሩ ዓምድ ገና ዛሬ ነው። በአንተ ዓምድ ግን ነገን ጽፌያለሁ።

ልጅህ