መንታ ያልተሞከረበት ሲስተም

ውድ ቢሆንስ፣

እውነተኛ ስምሽ ጠፍቶኝ አይደለም። ጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን እየመጣሽ አዲሱን የኮምፒውተር መዝገብ ሲስተም ስትፈትሺ ያወጣንልሽ ስም አፌ ላይ ቀርቶ ነው። «መብራት ቢጠፋስ? ሁለት ነርሶች እኩል ቢከፍቱትስ?» እያልሽ መፈናፈኛ ስታሳጪን እንዴት እንስቅብሽ ነበር! አሁን የሚስቅ የለም። ከነገ ወዲያ አጣሪ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፤ በቸልተኝነት ሕፃን ገድለሻል ተብዬ።

አዲስ የተወለደ ልጅ ስም እስኪወጣለት በእናቱ ስም እንደሚመዘገብ ታውቂያለሽ። «ታዲያ መንታ ቢሆኑስ?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ማሞቂያው አጠገብ ቆመን ሳለ ነበር። ይህንኑ ይዘሽ ብትሄጂ የፕሮጀክቱ ኃላፊ «መንታ ሲመጣ እናስተካክላለን፤ አንቺ ሥራ ከማጓተት ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ አባረረሽ። ከዚያማ ማን ከልካይ አላቸው! አንድ የውሸት በሽተኛ ፈጠሩ፤ ጎልማሳ፣ ሙሉ ስም ያለው፣ መንታ የሌለው። እሱኑ አስተኝተው፣ እሱኑ አክመው፣ እሱኑ አሰናብተው «ሲስተሙ ይሠራል» ብለው አጨበጨቡ። ወረቀቱንም ሰበሰቡብን፤ ከኮምፒውተሩ ሌላ አትመኑ ተባልን።

መንታዎቹ መጡ። ሁለቱም ወንዶች፣ ሁለቱም ኢንፌክሽን ያለባቸው። ሲስተሙ አንድ ልጅ አደረጋቸው። ታላቁ በባልደረባዬ በኩል ተኛ፣ ታናሹ በእኔ። እሷ ቀድማ የታላቁን መድኃኒት ሰጥታ ትመዘግባለች፤ እኔ የታናሹን መዝገብ ስከፍት «ተሰጥቷል» ይለኛል። መንታ ስለሆኑ አብራ የሰጠቻቸው መሰለኝ። ታናሹ አንድ ጠብታ ሳይደርሰው ሞተ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ አሁን በየቀኑ እየመጡ ሲስተሙን ይነካካሉ። ኃላፊው ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሲስተሙ በሚገባ ተፈትሿል፤ ጥፋቱ የነርሷ ነው» ብሎ ለኮሚቴው ጽፏል። ንዴቱ አንድ ነገር ነው፣ እህቴ። ያ ልጅ ግን ጣቴን ጭምቅ አድርጎ የያዘኝ ነገር አልለቅ ብሎኛል።

ትናንት እናትየዋ መጣች። ታላቁን ልታስከትበው ብትወስደው መዝጋቢው ስክሪኑን አይቶ «ይሄ ልጅ እኮ ሞቷል» አላት። የታናሹን ሞት ሲመዘግቡ የታላቁም መዝገብ አብሮ ተዘግቷል። ልጁ እቅፏ ውስጥ እሪ እያለ! ትጮህብኛለች ብዬ ስሸማቀቅ፣ እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ አንዱን ቀብሬዋለሁ፤ ይሄንን ደግሞ ከነነፍሱ ልቅበረው?» አለችኝ። አብሬያት አለቀስኩ።

ይህ ሲስተም በቅርቡ ሌሎች ሆስፒታሎችም ሊገባ ነው። ጥፋቱ እኔ ላይ ከተደፈደፈ የእኔ ነገር ያልቃል፣ ሲስተሙ ግን እንዳለ ይቀጥላል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። እናትየዋ ልጇን አቅፋ ኮሚቴው ፊት እገባለሁ ብላለች። አንቺም ነይ። የጠየቅሽውን ጥያቄና የሰጡሽን መልስ ተናገሪ፤ ሌላ ምንም አልለምንሽም። «ይህን ማን ያስብ ነበር?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ያሰበችው ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ይዩዋት።

በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

የጨቅላዎቹ ነርስ