ሳላነበው የፈረምኩት ማመልከቻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ደብተሬ፣ አሁንስ እመኚኝ! ባለፈው ሊያገባኝ የሚፈልገው ሸምሱ ሊያየኝ ሲመጣ አሞኛል ብዬ ተኛሁ፣ ዋሸሁ፣ እሺ። ዛሬ ግን ወላሂ እውነቴን ነው። ባል የለኝም። ልጅ የለኝም።

ከፖስታ ቤት ደብዳቤ መጣ፣ ከወልቂጤ ክሊኒክ። አንሶላ አጣቢ ልሆን ያመለከትኩበት። ማደሪያ የሚሰጡት ልጅ ለሌላት ነው፣ አንቺ ግን ባልሽ ሞቶ ሁለት ልጆች እንዳሉሽ ጽፈሻል፣ ስለዚህ አንቀጥርሽም ይላል። እኔ?!

ወንድሜ ጋሼ ከድር ማንበብ አይችልም፣ ጎረቤት አነበበለት። ወደኔ ዞሮ፣ «የታሉ ልጆቹ? የት ደበቅሻቸው?» አለኝ።

ሥራ ካገኘሁ ከሸምሱ ጋር የሚታሰርልኝ ኒካ ይቀራል ብሎኝ ነበር። አሁን አርብ ለሸምሱ ይሰጠኛል። የእንሴኖ ነጋዴ ነው፣ አባቴን ያክላል።

ማክሰኞ፣ 5 ሰዓት

ጋሽ ታደሰ ጋ ሮጥኩ፣ ፍ/ቤት በር ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ፣ የኔንም የጻፈው እሱ ነው። የማመልከቻዬን ግልባጭ አወጣ። ከላይ የኔ ስም። ከታች የሌላ ሴት ኑሮ! ያን ቀን ጠዋት ለአንዲት መበለት ጽፎ፣ ከሷ ላይ ገልብጦልኛል። ለሁሉም እንዲህ ነው፣ ስም ብቻ ይቀይራል። ሳቀ። አራተኛ ክፍል ደርሰሽ ለምን አላነበብሽውም አለኝ።

ጀምሬ ነበርኮ! ያን ቀን ሁለት መስመር እንዳነበብኩ «አላመንሽኝም እንዴ፣ ልጄ?» አለ። ትልቅ ሰው ነው፣ አፈርኩ። ፈረምኩ።

ስህተቱ የራስዎ እንደሆነ ለክሊኒኩ ይጻፉልኝ ብዬ ብለምነው እምቢ አለ። ማን ከዚያ ወዲያ ያጽፈኛል አለ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ራሴ ጻፍኩ። አነበብኩት፣ አድራሻዬን፣ ቡታጅራ የሚለውን፣ ረስቻለሁ። እንደገና ጻፍኩ። አነበብኩት፣ ፊርማ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። አሁን እኔን ነው የሚለው። ግን በፖስታ እስከ አርብ አይደርስም፣ የፖስታ መኪናው በአዲስ አበባ ዞሮ ነው የሚሄደው። ነገ ስልክ።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት፣ ስልክ ቤት

መስመሩ ሦስቴ ተቆርጦ ገባ። የክሊኒኩ ኃላፊ የለም፣ ጸሐፊያቸው አነሳ። ስሜን ስነግረው፣ ባልሽ መቼ ነው የሞተው አለኝ። አላገባሁም! ወረቀቱ ግን እንዲህ ይላል አለ።

አዲሱን ማመልከቻዬን አነበብኩለት፣ ጻፈ። ጌታዬ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ፣ የጻፉትን መልሰው ያንብቡልኝ አልኩት። ተቆጣ። አላፈርኩም። አነበበ። «አንድ ልጅ አላት» ብሎ ጽፏል። አስፋቅኩት! እንደገና አስነበብኩት። ልጅ የላትም። ልክ።

ኃላፊው ሲመለስ ይወስናል፣ እዚሁ ስልክ ቤት መልሶ ይደውላል አለ።

10 ሰዓት ተኩል

ጋሼ ከድር በሩ ላይ ቆሟል፣ አያየኝም። የክሊኒኩ ሰዎች ራሳቸው በጆሮዬ ከነገሩኝ አምናለሁ ብሏል። እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ። ከዚያ ለሸምሱ ቃል ይልካል።

ጃንሆይ ከግድግዳው ፎቶ ላይ ያዩኛል። ስልኩ ዝም። ማመልከቻዬን ይዤ አነበዋለሁ፣ አምስተኛዬ፣ ልክ ነው፣ ሁሉም ልክ ነው። የወልቂጤ ሰዎች፣ በአላህ፣ ሳይመሽ መልሳችሁ ደውሉልኝ፣ ሳይመሽ።