ስልክ ቁጥር ያለበት ቪዲዮ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2019፣ ቂርያት ማላኪ

የመንጃ ፈቃድ ቴኦሪያ፣ ማለትም የጽሑፍ ፈተናውን ትምህርት፣ በአማርኛ የማስተምርባቸው ቪዲዮዎች ሳይከፈልባቸው በዋትስአፕ ሲዞሩ ከርመዋል። ልጄ ሺራ መላ አበጀች፤ በእያንዳንዱ ቪዲዮ ላይ የገዢው ስልክ ቁጥር እንዲታይ አደረገች። ዛሬ አንዱ ዞሮ ዞሮ እኔው ዘንድ ደረሰ። ቁጥሩ የሙሉቀን ነው። ድሮ እዚሁ ሰፈር፣ እንደ መማሪያ ክፍል በምንጠቀምበት የቦምብ መጠለያ ውስጥ ያስተማርኩት ልጅ፤ አሁን ያቭነ ከተማ ነው የሚኖረው።

ተናድጄ ደወልኩለት።

«ለሚስቴ ነው የገዛሁት። ጎረቤቶቿም ይማሩ ብዬ ላክሁላቸው» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። «ጋሼ፣ ያኔ ‹የፈለገውን ሰው ይዛችሁ ኑ› ይሉን የነበረው እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

እውነቱን ነው። ወንበር ሲያልቅ መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር። አንዱ ሲሳሳት ሁሉም እየሳቀ ያርመው ነበር። አሁን የማስተምረው ለካሜራ ነው፤ የሚጠይቀኝም የሚስቅብኝም የለም።

«አባ፣ ቪዲዮውን ልዝጋበት?» አለችኝ ሺራ።

«ዝጊው» አልኳት።

ለሙሉቀን ግን መልሼ ደወልኩ። ዓርብ ጠዋት ሚስቱንና ጎረቤቶቿን ቤቱ እንዲሰበስብልኝ፣ ራሴ መጥቼ እንደማስተምራቸው ነገርኩት።

«ቤሰደር፣ እሺ ጋሼ!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ፊት ቆሜ ካስተማርኩ ስንት ዘመኔ! ምን ብዬ እንደምጀምር እንኳ ጠፍቶኛል።