አባባ የጃጀበት እራት

ውድ ሎሪስ፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

የላክኸው የግብዣ ወረቀት ደረሰኝ። አነበብኩት፤ ተነስቼ ወጥ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ቆየሁና እንደገና አነበብኩት። ሦስቱንም የላምብሩስኮ ወይኖቻችንን ከምግብ ጋር አጋብተህ ደርድረሃቸዋል። መጀመሪያ ሶርባራ ከጥሬ ዓሣ ጋር። እሺ ይሁን፣ ሶርባራ ቀለሟ ፈዛዛ፣ ጣዕሟ ኮምጠጥ ያለ ስለሆነ ዓሣውን ትችለው ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን ከሞርታዴላና ከተጠበሰ ሊጥ ሌላ ጓደኛ አልነበራትም። ቀጥሎ ግራስፓሮሳ ከተሞላ የአሳማ እግር ጋር። እሱን እንኳን አልነካህብንም፤ ያን ሁሉ ስብ ከአፍ የሚጠርግ ከጥቁሩና ከሻካራው ግራስፓሮሳ ሌላ የለም። መጨረሻ ላይ ግን በአባባ ስም "የአዴልሞ ሳህን" ይላል። ሥጋ የተሞላ የካፔሌቲ ፓስታ በመረቅ፣ እንግዳው በገዛ እጁ ሳላሚኖ ወይን የሚያፈስበት፣ "እንደ ጥንት አባቶቻችን"። የሶርባራ ሐረግ ብቻዋን ፍሬ አትይዝምና ለእሷ ማዳቀያ ነው የተተከለው እያልክ ስትንቀው የኖርከው ሳላሚኖ! ከሥሩ ደግሞ እኔ ያነሳሁት የአባባ ፎቶ አለ፤ ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ፣ ጢሙ በወይን ቀልቶ ይስቃል።

"እትዬ፣ ቅዳሜ መጥተሽ ካፔሌቲውን አንቺ ሥሪልኝ። ስለ አባባም አንድ ሁለት ነገር ንገሪያቸው፤ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳል" ብለህ በእጅህ ጽፈህበታል። እንዴት አላፈርክም? የምሬን ነው የምጠይቅህ።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ከሚላኖ ተመልሰህ የወይን መጥመቂያውን ከአባባ በተረከብክበት በዚያ የብርድ ወቅት፣ ወይን ገዢዎቹን እራት ጠራሃቸው። ረጃጅም ብርጭቆዎች ገዝተህ ደረደርክ። አባባ ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ እንደ ሙሽራ ነበር የተቀመጠው። ካፔሌቲውን ለቃቅሞ በልቶ መረቁ ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ ዕድሜ ልኩን እንደሚያደርገው፣ ሳላሚኖውን አንስቶ ሳህኑ ውስጥ አንቆረቆረ። መረቁ ሐምራዊ ሆነና አረፋ አወጣ። ልጆች ሳለን "ለደረት ጥሩ ነው" እያለ ከዚያችው ያቀምሰን አልነበር?

"አባባ! ምን እያደረግህ ነው?" አልከው።

"መረቄን እየጠጣሁ ነዋ። ላንተም ላፍስልህ?"

አንዷ ሴትዮ ሳቀች። ያቺ ሳቅ ናት ያሳበደችህ። ተነስተህ ሳህኑን ከእጁ ነጠቅኸው፤ መረቁ ሸሚዙ ላይ ተደፋ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረህ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ "ይቅርታ አድርጉልን፤ አባቴ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጃጅቷል፣ የሚያደርገውን አያውቅም" አልካቸው። የእሱ ጆሮ ደግሞ ይህን ቀርቶ ጓዳ ውስጥ የሚንሾካሾኩትን ይሰማ ነበር።

ቤቱ ይደበላለቃል ብዬ ጠበቅኩ። ወይኔ ላይ ውሃ ጨመሩ ብሎ ቄሱን ከቤት ያስወጣ ሰው ነው። አባባ ግን ቀና ብሎ አየህ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ "ልጄ፣ ይሄ ጎረምሳ የማን ልጅ ነው? እራት በልተናል እንዴ?" አለኝ።

እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንተ እፎይ አልክ፤ ስትል አይቼሃለሁ።

እስከ ዛሬ የምር ጃጅቶ የነበረ ይመስልሃል አይደል? ቀብሩ ላይ እንኳን "ደግነቱ ነፍሱን አያውቅም ነበር፣ ብዙ አልተጎዳም" ስትል ሰምቼሃለሁ። እንግዲህ ስማኝ። እንግዶቹን በርሜል ልታሳይ እንደወጣህ፣ አባባ በዚያው በራሰ ሸሚዙ ወጥ ቤት ገባ።

"ኒቬስ፣ መረቅ ተርፏል?"

ቀዳሁለት። ወይኑን ጨመረበትና ምድጃው አጠገብ ቆሞ ጠጣው። እኔ አለቅሳለሁ።

"አባባ፣ ምን ነካህ? የማን ልጅ ነው ስትል ልቤ ቀጥ አለ እኮ!"

"ልጁ ጃጅቷል ካለ ጃጅቻለሁ፣ አለቀ።"

"ዋሽቶብህ እኮ ነው!"

"ታዲያ በሰው ፊት ዋሾ ላድርገው? ነገ ወይኑን ማን ይገዛዋል? አንቺም አፍሽን ያዢ።"

ወሬው ግን አንተን አልጠበቀም። ሳምንት ሳይሞላ መንደር ውስጥ ገባ። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ የካርታ ጓደኛው የነበረው ኤርሜስ፣ እንደ ሕፃን ቃል እየቆራረጠ "አ-ዴል-ሞ፣ ያን-ተ ተ-ራ ነው!" ይለው ጀመር። ሆን ብለው ይሸነፉለት ነበር። አባባን ታውቀዋለህ፤ ከሚሸነፉለት ቢሰድቡት ይመርጣል። እውነቱን እንዳይናገር ደግሞ ስምህ በእጁ ነው። ቡና ቤት መሄዱን ተወ፤ ኤርሜስንም መንገድ ላይ ሲያገኘው እንደማያውቀው ሆኖ ያልፈው ነበር። እንግዳ በመጣብህ ቁጥር የኮቱን ቁልፍ ሆን ብሎ አዛንፎ ይቆልፍና ግቢው ውስጥ ይንከራተትልህ ነበር። ለአንተ ብሎ! ሌላ ጊዜ ወጥ ቤት ከእኔ ጋር ይበላል። አንድ ቀን "ጎበዝ ጃጂ ሆንኩ አይደል?" ብሎኝ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን ያ ያሳፈረህ ሳህን ጥንታዊ ሆነልህ። አባባን ከማዕድህ ያስነሳህበትን ነገር በአባባ ስም ታቀርባለህ። ተናድጃለሁ ሎሪስ፤ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ወንድሜ ባትሆን ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር፤ መጥቼ ጠረጴዛህን ነበር የምገለብጠው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሊጡን እዳምጣለሁ፣ መረቁንም እጥዳለሁ። የምትናገረው ግን አንተ ነህ። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ተነስተህ "አባቴ ጃጅቶ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት" ትላለህ። ያን ካላልክ ድስቱ ከምድጃው አይወርድም፤ እኔው ወጥቼ እናገረዋለሁ።

ኤርሜስንም ጠርቼዋለሁ። ከፊት ለፊትህ ይቀመጣል። አሁንም ድረስ "ምስኪን አዴልሞ፣ መጨረሻ ላይ እኔንም አያውቀኝም ነበር" እያለ ያለቅሳል። ከአንተው አፍ ይስማው።

እህትህ፣
ኒቬስ