የላንጋኖ ጭቃና የጎፋ ቧንቧ

ሰኞ

ለጎፋ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በሙሉ፦ የቤታችን ቧንቧ ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቴ አስሎ፣ አንዴ አረፋ ተፍቶ፣ ጸጥ ብሏል። ለቅሶ የምንቀመጠው በሰማያዊው በርሜል ዙሪያ ነው። በፈረቃው መሠረት እስከ ሐሙስ አይመለስም።

አብራኝ የምትኖረው የልጅ ልጄ ፌቨን ይህን ከባድ ዜና ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። የዓሣ ተመራማሪ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ላንጋኖ ወርዳ ሐይቁ ውስጥ ትጠልቃለች። ትናንትም ማታ ከነጭቃዋ ገባች፤ «ዕቃውን ጠዋት አጥበዋለሁ» ብላ ተኛች። ጠዋት የሆነውን ከላይ አንብቡ።

እስካሁን የምትጠልቀው በተውሶ ዕቃ ነው። አሁን የራሷን ሬጉሌተር ልትገዛ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ካለው ሲሊንደር አየሩን መጥኖ አፏ የሚያደርሰውን። ሌላው የልጅ ልጄ ዮናስ ዓርብ ከዱባይ ይመጣል። የትኛውን ይዞ እንደሚመጣ እስከ ሐሙስ ልትነግረው ይገባል።

ሁለት ዓይነት አለ። የታሸገው፣ ውስጡ ያለውን ጥምዝ ሽቦ፣ ሞላውን፣ ውሃ አይነካውም። ያልታሸገው ላይ ውሃው እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ የለም። ቁርስ ላይ ሞላ። ምሳ ላይ ሞላ።

ማክሰኞ

የፌቨን ክርክር፦ ውሃው ሙቅ ነው። የታሸገው የሚያስፈልገው በረዶ ለሚሠራ ውሃ ነው። ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ሲበላሽም የሚፈታው ብዙ ነው።

«አባባ፣ ላንጋኖ ላይ በረዶ አይተህ ታውቃለህ?»

«በረዶ አላየሁም። ግን ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ ነው። ደለሉን የት ታደርሺዋለሽ?»

«አጥበዋለሁ።»

«በምን?»

በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጥርሷን ልትቦርሽ ሄደች።

ስትመለስ አንድ የድሮ ታሪክ ነገርኳት። ምጽዋ የጠላቂዎች ዕቃ ቤት ስሠራ ተሰማ የሚባል ባልደረባ ነበረኝ። ሰነፍ፤ ቀኑን ሙሉ ሪዙን በመስተዋት የሚያበጥር። አንድ ቀን ሬጉሌተሩን ሳያጥብ ሰቀለው። ጨው ሞላው ላይ ደረቀ። በማግስቱ በእሱ የጠለቀው ልጅ ትንፋሽ አጥሮት፣ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ወጣ።

«ተረፈ?»

«ተረፈ።»

አላመነችኝም። አዞ በጥፊ መትቻለሁ ብዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ አልፈርድባትም። ግን በዚህኛው ባለማመኗ ተናደድኩ።

ረቡዕ

ሀይሌ ጋርመንት ድረስ ሄጄ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠውን ሸምሱን አማከርኩ። ነገሩን በወረቀት ላይ ሣልኩለት። ወረቀቱን ገልብጦም አየው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሸጬ አላውቅም። ግን ክፍት የሆነ ዕቃ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል። የልጅቷ ቤት ውሃ አለ?»

«ቤቱ የእኔ ነው።»

«እንግዲያው የለማ» አለኝ።

ቤት ስገባ ምርምር ጀመርኩ። ከፌቨን ጠረጴዛ ሁለት በሞላ የሚሠሩ እስክሪብቶዎች ወሰድኩ። አንዱን በላስቲክ ጠቅልዬ አሰርኩት፤ ሌላውን እንዲሁ ተውኩት። ከጫማዋ ያራገፍኩትን የላንጋኖ ጭቃ በጥብጬ ሁለቱንም ነከርኳቸውና መስኮት ላይ አሰጣኋቸው። ማጠብ የለም።

ፌቨን ስትገባ «እስክሪብቶዎቼስ?» አለች።

«ለሥራ ወጥተዋል።»

ሐሙስ

ውሃ አልመጣችም። እኔ፣ በርሜሉና ሦስት ባልዲ ተሰልፈን ጠበቅናት።

እስክሪብቶዎቹን አቀረብኩ። የተጠቀለለው፦ ጠቅ፣ ጠቅ። ሌላው ገብቶ ቀረ። ፌቨን ሦስቴ ሞከረችው።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ አይደለም። እስክሪብቶ ነው።»

«እሺ። በረንዳ ላይ ያለው ቦርሳሽስ?»

ወጥታ ቦርሳውን ከፈተች። የተውሶው ሬጉሌተር ከእሑድ ጀምሮ እንዳለ ነው፤ ያልታሸገ፣ ጭቃው እንደ ሸክላ የደረቀበት። እፊቱ ቁጢጥ ብላ ጭቃውን በጥፍሯ ፋቀችው። ከዚያ ዮናስ ጋ ደወለች።

«የታሸገውን አምጣልኝ።»

«ውሃው ሙቅ ነው ስትይ አልነበር?»

«ሐይቁ ሙቅ ነው። ቧንቧችን ነው የደረቀው።»

የታሸገውም መታጠብ እንዳለበት አውቃለሁ። ግን ሞላው ውስጥ ጭቃ አይደርቅም፤ ላዩን ከበርሜላችን አንድ ባልዲ ይበቃዋል። ባልዲውን እኔ እይዛለሁ።

ዓርብ

ዮናስ ገባ። ሬጉሌተሩን ከሻንጣው ሲያወጣ ቧንቧው አሳለና ውሃ መጣች። ሞልታ፣ ደረጃው ድረስ እየፈሰሰች። ፌቨን ቧንቧውን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ጣራውን አየሁ።

የተውሶውን ዕቃ አብረን አጠብን። ፈታታው ሳልባል ፈታታሁት፣ ሞላውን በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። «እጅህ ይህን ሥራ ያውቀዋል» አለችኝ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል አይታ ስለማታውቅ ቀና ብላ አየችኝ፤ አልጠየቀችም።

ብትጠይቅ እነግራት እንደሆነ አላውቅም። እዚህ ግን ልጻፈው። ዕቃ ቤቱ ነበር። ጨውም ነበር። ፊቱ አመድ የመሰለው ልጅም ነበር። ተሰማ የሚባል ሰው ግን አልነበረም፤ እሱን ፈጥሬው ነው።

ሪዙም የእኔ ነበር።